ቆሞ የተበላው ጎማ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄንን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ጋኔን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሱቄ ቢመጣ ሻይ እጋብዘዋለሁ እንጂ ጆሮዬን አልሰጠውም፣ ምክንያቱም ዕድሜዬን ሙሉ ከከባድ መኪና ስር ተጋድሜ የተማርኩት ነገር ቢኖር ያለ ምክንያት የሚበላ ጎማ እንደሌለ ነው። መሃሉ ከተበላ ንፋስ በዝቶበታል፣ ሁለቱም ጠርዙ ከተበላ ንፋስ አንሶታል፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ወይ አክስሉ ተጣሟል ወይ ጭነቱ አድልቷል። ሾፌር ይዋሻል፣ ባለንብረት ይዋሻል፣ ጎማ ግን የሄደበትን መንገድና የተሸከመውን ሸክም ቆዳው ላይ ይዞ ነው የሚመጣው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሁሉ ሌሊት ነበር ይላል። የእኔው የሆነው በቀን ነው፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ስለዚህ ጨለማው አሳስቶህ ነው እንዳትሉኝ።

ስሜ ደምሴ ይባላል፣ መርሳ ከዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነኝ። ጎማ ከመለጠፍ አልፌ የተሳቢ አክስል በሲባጎ ለክቼ አስተካክላለሁ፣ ከውርጌሳ እስከ ወልዲያ ያለ የከባድ መኪና ሾፌር ብትጠይቁ ያውቀኛል። ጊዜው ጦርነቱ ወደ እኛ የተጠጋበት ክረምት ነው። ከቆቦ በኩል የሚሸሸው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፣ ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ ፍየል የሚጎትት አለ፣ ወልዲያ ጠዋት ሰላም ነው ይባላል፣ ከሰዓት ተከበበ ይባላል፣ እና እውነቴን ነው የምላችሁ በዚያ ሰሞን ማንም ማንንም አያምንም ነበር። አዲስ ሰው ሻይ ቤት ከገባ ወሬ ይቆማል። "እንደምን ዋልክ" የሚለው ቀርቶ "ከየት መጣህ" ሆነ ሰላምታው። እኔ ራሴ የማላውቀው ሾፌር ጎማ ሊያስሞላ ሲቆም፣ ንፋሱን እየሞላሁ ዓይኔ ሸራው ስር ምን እንዳለ ይፈልግ ነበር።

ተሾመ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የአሰላ ሰው ነው፣ ተሳቢ የሚጎትት ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ከዚያ በፊት በመንገዱ ሲያልፍ ሰላም ከመባባል ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። ከወልዲያ ሲመለስ እኛ ከተማ መግቢያ ላይ የናፍጣ ፖምፓው ተበላሸና ቆመ። ፖምፓው ተፈትቶ ለጥገና ወደ ኮምቦልቻ ተላከ፣ መኪናው ከነተሳቢው ተጎትቶ እትዬ ዘሀራ ግቢ ገባ።

እትዬ ዘሀራ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሰፊ ግቢያቸውን ለመኪና ማቆሚያ ያከራያሉ፣ የበሩን ቁልፍ ከአንገታቸው አያወልቁም። "ወላሂ እኔ ሳላውቅ ከዚህ ግቢ ድመት አትወጣም" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ በዚያ በር ሾልኮ የወጣ ሰው አላውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተሾመ ሱቄ መጣና፣ "ደምሴ፣ ፖምፓው እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ከማረጅ ያቺን ጎማ እይልኝ እስቲ፣ የተሳቢው የኋላ ቀኝ፣ የውጪኛዋ፣ ትበላብኛለች" አለኝ።

ሄጄ አየሁት። የውጪው ጠርዝ ሙልጭ ብሎ ሽቦው ሊታይ ደርሷል፣ በውስጥ በኩል ግን ጥርሱ ደህና ነው። መዳፌን በጎማው ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ አሻሸሁት፣ ስሄድ ይለሰልሳል፣ ስመለስ እንደ መጋዝ ይይዛል። ይሄ ወደ ጎን እየተገፋ የሄደ ጎማ ምልክት ነው፣ ከባድ ነገር በአንድ ወገን ተጭኖት።

"ምን ጭነህ ነበር?" አልኩት።

"እህል።"

"እህል እንዲህ ወደ አንድ ጎን አያደላም ተሾመ። ይሄ ተሳቢ ሸክሙ ሁሉ ቀኝ ላይ ሆኖ ነው የሄደው።"

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። "አንተ ጎማውን እይ እንጂ እኔን መመርመር ያዝክ እንዴ?" ብሎኝ ወደ ጋቢናው ሄደ።

እኔም ሥራዬን ሠራሁ፣ ግን በውስጤ ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር ደብቋል አልኩ። ተሳቢውን በክሪክ አነሳሁት፣ ቸርኬውን እያሽከረከርኩ ኩሽኔታውን አዳመጥኩ፣ ጤነኛ ነው። ጭነቱን የሚሸከሙትን የባሌስትራ ብረቶች አንድ በአንድ አየሁ፣ የተሰበረ የለም። ከመጎተቻው ጫፍ እስከ ግራና ቀኙ ቸርኬ ሲባጎ ወጥሬ ለካሁ፣ እኩል። አክስሉም አልተጣመመም። ጎማውን የሚያስበላ አንዳች ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ አሮጌውን አወጣሁና ስኮርታውን፣ ተጠባባቂውን ማለቴ ነው፣ ገጠምኩለት። አዲስ ነበር፣ መሬት ነክቶ የማያውቅ። አዲስ ጎማ አይታችሁ ከሆነ በላዩ እንደ ፀጉር የቆሙ ቀጫጭን የላስቲክ ክሮች አሉት፣ ትንሽ መንገድ ሲሄድ የሚረግፉ፣ እነሱ እንኳ እንዳሉ ነበሩ። ብሎኖቹን አጠበቅኩና እንደ ልማዴ ከብሎኑ እስከ ቸርኬው ቢጫ ቀለም ሰመርኩባቸው፣ ማንም ቢነካቸው መስመሩ ስለሚዛነፍ አውቃለሁ።

ሳምንት ያህል ቆይቶ ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት አበጋዝ ክላሹን እንዳነገተ ሱቄ በር ላይ ቆመ። አበጋዝ አብሮ አደጌ ነው፣ ድሮ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል፣ በዚያ ጊዜ ግን የሰፈሩ ጥበቃ አለቃ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲመጣ እየቀለደ ነው፣ የዚያን ቀን ግን ሰላም እንኳ አላለኝም።

"ተነስ፣ አንድ ነገር ላሳይህ" አለኝ።

እትዬ ዘሀራ ግቢ ስንገባ ተሾመ በሁለት ጠባቂዎች መሃል ቆሟል፣ እትዬ ዘሀራ በረንዳቸው ላይ ሆነው ከንፈራቸውን ነክሰው ያያሉ። አበጋዝ በቀጥታ ወደ ተሳቢው ኋላ ወሰደኝና፣ "ይቺን ጎማ መቼ ነው የገጠምካት?" አለኝ።

"ባለፈው ሳምንት።"

"አዲስ ነበረች?"

"ፀጉሯ እንኳ አልረገፈም ነበር" አልኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ።

እመኑኝ፣ የውጪው ጠርዝ ተበልቷል። ያውም ትንሽ አይደለም፣ አሰብ ደርሶ የተመለሰ ይመስላል። ክሮቹ በውስጥ በኩል እንዳሉ ናቸው፣ በውጪ በኩል ግን ድራሻቸው የለም፣ ጥርሱም ከግማሽ በላይ አልቋል። መዳፌን አሻሸሁበት። ስሄድ ለሰለሰኝ፣ ስመለስ እንደ መጋዝ ያዘኝ።

"እንግዲህ ንገረኝ" አለ አበጋዝ። "መኪናው ፖምፓ የለውም፣ አይነሳም። ተሳቢውን ግን ሌላ መኪና ሊጎትተው ይችላል። ጎረቤቶቹ ከዚህ ግቢ የመኪና ድምፅ ሰማን ብለውኛል። ይሄ ሰውዬ ማንን እየጠራ፣ ለማን እያመላለሰ ነው?"

"አልተንቀሳቀሰም አልኩህ እኮ!" አለ ተሾመ። "እናቴ ትሙት አልተንቀሳቀሰም!"

"ዝም በል አንተ" አለው አበጋዝና ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደምሴ፣ ከተማው ሰው ሲያልቅ እያየ ነው፣ እኔም የምጠየቅበት ነገር ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሳቢው ከዚህ ግቢ ወጥቷል ወይም አልወጣም በለኝ። ወጥቷል ካልከኝ ሾፌሩን ለበላይ አስረክበዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ እኔም አላውቅም።"

ተሾመን ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይዘውት ሄዱ። ሲሄድ ዞሮ አየኝ። በዚያ ጊዜ በሰው ላይ "ወጥቷል" የምትል ቃል ምን ልታመጣ እንደምትችል ለእኔ መንገር አያስፈልግም ነበር።

ብቻዬን ከጎማው ጋር ስቀር አእምሮዬን ሰበሰብኩና ምክንያቱን መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ፣ ተሳቢው ወጥቶ ከሆነ ዱካው የት አለ? ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው የከረመው፣ ግቢው ጭቃ ነው፣ በጭቃው ላይ ከእኛ እግርና ከእትዬ ዘሀራ ዶሮዎች በቀር አንዳች ምልክት የለም። በጎማው ዙሪያ ሣር በቅሏል፣ አንድም አልተደፈጠጠም። ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት መጎተቻ ላይ ሸረሪት ድር አድርታለች። ሁለተኛ፣ ጎማውን በአሮጌ ለውጠውት ይሆን? ቢጫዋ መስመሬ ከብሎን እስከ ቸርኬ ቀጥ እንዳለች ናት፣ ማንም አልፈታውም። ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ነው ልቤ የጠቆረው፣ አንድ ሰው ተሾመን ሊያስበላው ብሎ ጎማውን በሞረድ ሞርዶት ይሆን? እትዬ ዘሀራን ጠረጠርኩ፣ በግቢያቸው ኪራይ ከተሾመ ጋር መነታረካቸውን ሰምቼ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አበጋዝንም ጠረጠርኩ፣ መኪናው ያለ ባለቤት ቢቀር የሚጠቀምበት ማን ነው ብዬ።

ግን ሞረድ ጭረት ይተዋል፣ ይሄ ግን የአስፋልት ሥራ ነው፣ በእጅ አይሠራም። መሬቱን በጣቴ ስዳብስ ከጎማው ስር ደቃቅ ጥቁር ዱቄት አገኘሁ፣ የላስቲክ ዱቄት፣ ሣሩ ላይ እንደ ጥላሸት ተነስንሷል። ከእኩለ ቀን በፊት ካፊያ ጥሎ ነበር፣ ዱቄቱ ግን ደረቅ ነው። ማለትም ከካፊያው በኋላ የወረደ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ እያለሁ ማለት ነው።

"እትዬ ዘሀራ፣ ዛሬ ወደዚህ ተሳቢ የተጠጋ ሰው ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ማን ይጠጋል ልጄ? እኔም አልጠጋው" አሉኝ።

"ለምን አይጠጉትም?"

አዩኝና ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ጎማ ሠሪው አንተ፣ ጠያቂው አንተ" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ይሄም መልስ አልጣመኝም።

ያን ጊዜ ከሐራ በኩል ከባድ መሣሪያ ድም፣ ድም ማለት ጀመረ። ከዚያ በፊትም እንሰማ ነበር፣ የዚያን ቀን ግን ቅርብ ነበር፣ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ሱቆች ሲዘጉ ይሰማኛል፣ ሰው እየተጠራራ ወደየቤቱ ይሮጣል። እትዬ ዘሀራ ከቤት ወጡና "ያ ረቢ፣ የልጄን ልጆች ከታች ሰፈር ላምጣቸው፣ አንተ ሥራህን ሥራ" አሉኝ፣ ወጥተውም በሩን ከውጭ ቆለፉብኝ!

"እትዬ ዘሀራ! ምነው?" ብዬ ጮህኩ።

"አብሽር፣ አሁን እመለሳለሁ፣ በዚህ ጊዜ ለወንድሜም ቢሆን በሬን ክፍት አልተውም" አሉኝና ኮቴያቸው ራቀ።

እናም እኔ፣ መኪናውና ተሳቢው ቀረን።

ጠመኔ ከኪሴ አወጣሁና በጎማው ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወፍራም መስመር ሰመርኩ፣ መስመሩን ወደ መሬት አወረድኩና እዚያ ባገኘሁት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቀጠልኩት፣ ጎማው በጥቂቱ እንኳ ቢዞር ሁለቱ ይለያያሉ ብዬ። ከዚያ ባዶ በርሜል ገልብጬ ተቀመጥኩ። መሣሪያው ዝም አለ። ሰፈሩም ዝም አለ፣ ዶሮዎቹ እንኳ ከቤቱ ጥላ ስር ገብተዋል።

መጀመሪያ የሰማሁት ጠጠር ነው። በጎማ ጥርስ መሃል የተሰካ ጠጠር አስፋልት ሲነካ የሚያሰማውን ታውቁታላችሁ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀስ ብሎ ይጀምርና መኪናው ሲፈጥን አብሮ ይፈጥናል። ከዋናው መንገድ ነው የሚመጣው ብዬ አንገቴን አቀናሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። ቀጭታው እየፈጠነ ሄዶ አንድ ወጥ ድምፅ ሆነ፣ ከዚያ ከስሩ የከባድ መኪና ጉርምርምታ መጣ፣ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና፣ ሩቅ የሆነ፣ የማይቀርብም የማይርቅም። አንድ መኪና እየመጣ ከሆነ ወይ ይቀርባል ወይ ያልፋል፣ አይደል? ይሄ ግን ባለበት ቆሞ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሽታው መጣ፣ የጋለ ላስቲክ ሽታ። ተነስቼ መዳፌን ጎማው ላይ አደረግሁ። ሞቋል። ፀሐይ ነው እንዳትሉኝ፣ ፀሐይ ያረፈችው በግራ በኩል ነበር፣ ዞሬ የግራውን ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። የቀኙ በአጥሩ ጥላ ውስጥ ነው የቆመው። ተመልሼ ስነካው እጄን ነጠቅኩ፣ ከደሴ በአንድ ትንፋሽ የመጣ ያህል ይፋጃል። ጠመኔው ከውስጥ በኩል እንዳለ ነው፣ ከውጪ በኩል ጠፍቷል። ጎማው ላይ የቀረውና ድንጋዩ ላይ ያለው መስመር ግን ቀጥ ብለው እንደተያያዙ ናቸው። ጎማው አልዞረም። በዓይኔ እያየሁት አልዞረም።

ባሌስትራው ያን ጊዜ ሲጢጥ አለ። ተሳቢው ቀስ ብሎ፣ ሰው ተራ በተራ ወደ አንድ ወገን እንደተጠጋበት ሁሉ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ።

ድፍረቱን ከየት እንዳገኘሁት አላውቅም፣ በግራ ጎማው ላይ ቆሜ በስፖንዳው፣ በጎን ግድግዳው ማለቴ ነው፣ አሻግሬ ወደ ውስጥ አየሁ። ባዶ ነው። ወለሉ ላይ የዝናብ ውሃ አቁሯል፣ ውሃው በሙሉ ወደ ቀኝ ሄዶ ተጠራቅሟል፣ ፊቱም በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ እንደተያዘ ብርጭቆ ውሃ ይርገበገባል። ሌላ ምንም የለም፣ በቃ ውሃ ብቻ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያ ቦታ ባዶ ቦታ አይመስልም ነበር። ሰው ሞልቶ ዝም ያለበት ክፍል በር ስትከፍቱ የሚሰማችሁን ስሜት ታውቁት የለ? እንደዚያ ነው።

ወርጄ ወደ በሩ ሮጥኩ፣ ተቆልፏል። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ፣ እትዬ ዘሀራ እስኪመጡ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅሁም። መቼ እንዳበቃ አላውቅም፣ ቁልፉ ሲንኳኳ ድምፁ አልነበረም።

የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ገቡና ፊቴን አዩ። ምን ሆንክ አላሉኝም። "ነካኸው እንዴ?" ነው ያሉኝ። አልፌያቸው ወጣሁ።

በቀጥታ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄድኩ፣ ተሾመ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጠባቂው ስለሚያውቀኝ ትንሽ ራቅ አለልን።

"ተሾመ፣ እህል አልነበረም የጫንከው" አልኩት።

አንገቱን ደፋ።

"ሕይወትህ ነው፣ ንገረኝ። ቀኝ ላይ የነበረው ምንድን ነው?"

ቀና አላለም። "ሰው ነው" አለኝ። "እህሉን ከቆቦ ወዲህ አራገፍኩና ስመለስ ሰው መንገዱን ዘጋብኝ፣ ውሰደን ብሎ። መኪናውም ተሳቢውም ሞላ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን። ትንሽ እንደሄድን ከግራ በኩል ተኩስ ተከፈተ። ተሳቢው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሸሸ፣ በመስታወት አየሁት፣ ተሳቢው ሲያዘነብል። ይጮሃሉ፣ አቁም ይላሉ፣ ወይ ሂድ ይላሉ፣ አልለየሁትም። እኔ ነዳሁ። ወልዲያ ስንደርስ የፊቱ ሰው ወረደ።"

"የተሳቢውስ?"

"የተሳቢውን ሰው ሲወርድ አላየሁም" አለኝ። "ሄጄ ሳይ ባዶ ነበር። በመንገድ ዘለው ወርደዋል ብዬ ነው የማስበው፣ ዘለው ወርደው ይሆናል ደምሴ፣ አይደል?"

እውነቱን ይሁን እየዋሸኝ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። እንባው ግን እውነተኛ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አበጋዝን ግቢ ውስጥ አገኘሁት። "እህስ?" አለኝ።

"አልወጣም" አልኩት።

"ታዲያ ጎማውን ምን በላው?"

"አላውቅም። ና ራስህ እይ" አልኩትና ዱካ የሌለውን ጭቃ፣ ያልተረገጠውን ሣር፣ የሸረሪቱን ድር አሳየሁት። ድሮ ረዳት የነበረ ሰው ነው፣ ሁሉም ይገባዋል። ሲጨርስ፣ "እያሾፍክብኝ ከሆነ..." አለና እጁን ጎማው ላይ አሳረፈ። ወዲያው አነሳው። ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ክላሹን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ ጆሮውን ስፖንዳው ላይ ለጠፈ። እዚያው ቆየ። በሚታየኝ ጎኑ ፊቱን ቀስ በቀስ ደም ሲሸሸው አየሁ። ቀና ሲል ጉንጩን በእጅጌው ጠረገ፣ ምንም ሳይኖርበት።

"ልቀቁት" አላቸው በሩ ላይ ለቆሙት ጠባቂዎቹ። "ሾፌሩን ልቀቁት።"

ውጭ ላይ ደረስኩበትና፣ "ምን ሰማህ?" አልኩት።

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ለቀቅከው?"

"ምንም አልሰማሁም አልኩህ" ብሎ ጮኸብኝ፣ ሲጮህብኝ ሰምቼው የማላውቅ ሰው። ከዚያን ቀን በኋላ ተረኛ ጠባቂዎቹ በዚያ አጥር በኩል እንዳያልፉ አደረገ፣ ምክንያቱን ግን ለማንም አልነገረም።

ፖምፓው ከኮምቦልቻ መጣ፣ ተሾመ መኪናውን አስነሳ። ተሳቢውን ግን ፈትቶ ለብቻው አቆመው። "መንገዱ ሲረጋጋ መጥቼ እወስደዋለሁ" አለኝ። ዳግመኛ አላየሁትም፣ ስልኩም አይነሳም።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መርሳ ገባ። ቤተሰቤን ይዤ በእግር ወደ ውርጌሳ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ወጣሁ፣ የዚያን መንገድ ነገር ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ ማለት እንኳ አልፈልግም። ተመልሰን ስንመጣ ሱቄ ባዶውን ቆሟል፣ ኮምፕሬሰሬም ክሪኬም የለም። ከተማው ውስጥ ጎማውና ባትሪው ያልተወሰደ መኪና አላየሁም።

እትዬ ዘሀራ ከተማውን አልለቀቁም ነበር፣ ስለዚህ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ተሳቢው እዚያው ቆሟል፣ ጎማዎቹ ሁሉ እንዳሉ። የሚያምን ይመን፣ ማንም አልነካውም። ሄጄ መዳፌን አሳረፍኩበት፣ ቀዝቃዛ ነው። አየሁት፣ ያኔ ካየሁት በላይ አልተበላም። ከስሩም ዱቄት የለም።

"እትዬ ዘሀራ፣ ቆመ ማለት ነው?" አልኳቸው፣ ደስ እንዳለው ሰው።

"ቀስ ብለህ ተናገር" አሉኝ።

ግቢው ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው የለም። የልጅ ልጆቻቸው ከሸሹበት ገና አልተመለሱም። ግራ ገብቶኝ አየኋቸው፣ እኚያ ድምፃቸው ከሦስት ቤት የሚሰማ ሴት በሹክሹክታ ነበር የሚናገሩት።

"አንድ ቀን ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ነው" አሉኝ። "ያ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ቆመ፣ መኪና ደርሶ እንደሚቆመው። ከዚያ ሲወርዱ ሰማሁ ልጄ። አንድ በአንድ፣ እየተደጋገፉ። ሕፃን የሚቀባበሉ ነበሩ።"

"ከዚያስ?" አልኩ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለምን ዝቅ እንዳደረግኩት ሳላውቅ።

እትዬ ዘሀራ ወደ ግቢው መሃል፣ ምንም ወደሌለበት፣ ተመለከቱ።

"ከዚያማ" አሉ፣ "ሲወርዱ ሰማሁ፣ ሲሄዱ ግን አልሰማሁም።"